ሦስት ቤት የዞረው ሥጋ

ኦርሊና ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍን ነበር። ጥርሷ ጉድለት ኖሮበት አይደለም፤ እናቷ እንደዚያ ስትስቅ አይታ የያዘችው ልማድ ነው። ባሏ ሮይ በሕይወት ሳለ እጇን ከአፏ ላይ እየነጠቀ «ምን ደብቀሽብኝ ነው? እስቲ ልየው» ይላት ነበር። ሮይን ግንድ ገደለው። የእንጨት መሰንጠቂያው ሊዘጋ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በጎርፍ ሰሞን ግንድ ወደ ወንዙ ሲያንከባልሉ አንዱ አፈትልኮ መጣበት። ሬሳውን ጎረቤቶቹ በበር ሳንቃ ተሸክመው አመጡላት። ያኔ ትልቋ ልጇ ቬስታ ገና ትምህርት ቤት መግባቷ ነበር፤ ትንሹ ሉተር ጡት አልጣለም።

ቤቷ ከዶቭ ሸለቆ ጫፍ፣ ጅረቱ ከቋጥኝ ሥር ከሚፈልቅበት አጠገብ ነበር። ከዚያ ወዲያ ተራራው ብቻ ነው። በኬንታኪ ተራሮች ውስጥ እንደኛ ያለ ሸለቆ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ሁሉም አንድ ጅረት፣ አንድ ጠባብ መንገድ፣ ግራና ቀኝ የተበታተኑ ቤቶች ናቸው። መንገዱም ቢሆን ከጅረቱ እምብዛም አይለይም፤ ዝናብ ሲበዛ ውሃ ይሄድበታል፣ ዝናብ ሲጠፋ ሰው።

ያ ክፉ ዘመን ሲመጣ እኛ ዘንድ ቶሎ አልታወቀም። ከተማ ውስጥ ባንክ ተዘጋ ሲባል፣ ባንክ ያስቀመጥነው ነገር ስላልነበረን «እግዜር ያጽናናቸው» ብለን ወደ ሥራችን ተመለስን። ቀጥሎ ግን እንጨት መሰንጠቂያው ቆመ። የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶቹ ተዘጉ። ፋብሪካ ፍለጋ ወደ ሰሜን የወጡት ወንዶች ሻንጣቸውን እንዳንጠለጠሉ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ ዘፍነን የሸኘናቸው ሰዎች ሲመለሱ ዓይናችንን አያዩም ነበር። በዚያ ላይ ድርቅ መጣ። በቆሎው ከጉልበት ሳያልፍ ቢጫ ሆነ። አሳማዎቹ ታረዱ፣ ላሞቹ ተሸጡ። አሁን ሲታሰብ የሚገርመው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ማንም ለማንም «ተርቤያለሁ» ሲል አለመሰማቱ ነው። በእኛ ሸለቆ «እንዴት ናችሁ?» ሲባል መልሱ አንድ ብቻ ነበር፤ «ደኅና ነን፣ ችግር የለም» ይባላል። እግሩ የተሰበረ ሰውም ይህንኑ ይላል።

በዚያ ዓመት፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ የሮይ ታላቅ ወንድም አይሸም ከሲንሲናቲ መጣ። እዚያ ጫማ ፋብሪካ ይሠራል። ክፉ ሰው አልነበረም። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ ሲያሽከረክር ቆየና፣ ጥላው ከበር እስከ ደረጃው ሲሄድ ነው የመጣበትን የተናገረው።

«ልጆቹን ልውሰዳቸው፣ ኦርሊና። ትምህርት ቤት አለ፣ ዳቦ አለ።»

«እኔስ?»

«ያለን ሁለት ክፍል ነው። ሚስቴ ደግሞ... ታውቂያት የለ?»

«አውቃታለሁ።»

«ውርጭ ሲጀምር ከጓደኛዬ መኪና ተውሼ እመጣለሁ። እስከዚያ አስቢበት።»

ኦርሊና ማሰብ አላስፈለጋትም፤ የዱቄቱን በርሜል በየቀኑ ታየው ነበር። «እሺ» አለችው። እሺ ካለች በኋላ ግን፣ ጠዋት ጠዋት የቬስታን ጸጉር ስትጎነጉን እጇ ይዘገይ ጀመር።

«እማ፣ ምነው ዛሬ አልጨርስ አልሽ?» ትላታለች ልጅቷ።

«ጸጉርሽ ተወሳስቦ ነው። ዝም ብለሽ ቁጭ በይ።»

መንግሥት ይረዳል የሚለው ወሬ የመጣው በቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። ሰባኪው ስብከቱን ሲጨርስ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ዋሽንግተን ላይ አዲስ ነገር መጥቷል፣ ሥራ ያጣ ሰው ዱቄትና ስብ ይሰጠዋል፣ ባል የሌላቸው ሴቶች ደግሞ ስፌት ቤት ተከፍቶላቸው በደሞዝ ይሠራሉ፣ የፈለገ ስሙን ያስመዝግብ ብሎ ተናገረ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያይ ጀመር። እስከዚያ ድረስ ከመንግሥት የተላከ ሰው ሲባል የምናውቀው፣ ተራራ ለተራራ እየዞረ የደበቅነውን አረቄ የሚደፋብንን ነበር። አሁን ያው መንግሥት ዱቄት ተሸክሞ መጣ ሲባል ማን ይመን?

ኦርሊና ግን ተመዘገበች። ምእመኑ እስኪበተን ከደጁ ዛፍ ሥር ቆማ ጠበቀችና፣ ለሰባኪው በጆሮው ነገረችው። ከመንገዱ በታች የሚኖረው ታይሪም ተመዘገበ፤ እሱ ስድስት ልጅ፣ አንድ በቅሎና ማለቂያ የሌለው ቀልድ ያለው ሰው ነው። ከታይሪና ከኦርሊና መሀል የሚኖሩት ሽማግሌው ሆባርትና ሚስቱ ልያታም እንደዚሁ። ብዙም ሳይቆይ መልስ መጣ፤ አንዲት አጣሪ ሐሙስ ትመጣና ቤት ለቤት ታያለች፤ መቸገራቸውን በዓይኗ ካላየች የሚሰጥ ነገር የለም።

ሸለቆው ተሸበረ። የተሸበረው አጣሪዋ ትከለክለናለች ብሎ አልነበረም። እንግዳ ሊመጣ ነው፣ የሚቀርብላት የለም፤ ያሸበረው ይኼ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የተመዘገቡት ሁሉ እትዬ ሳብራ በረንዳ ላይ ተሰበሰቡ። እትዬ ሳብራ የኦርሊና የቅርብ ጎረቤት ናቸው፤ ባልም ልጅም ቀብረው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ፒፓ ከአፋቸው የማይለይ፣ ምላሳቸው ከፒፓቸው እሳት የሚብስ አሮጊት። በዚያ ሰሞን በሸለቆው ውስጥ የቀረ ሥጋ ቢኖር የእሳቸው ብቻ ነበር፤ በጨው ታሽቶ በጭስ የደረቀ አንድ ሙሉ የአሳማ ታፋ፣ ጭስ ቤታቸው ውስጥ በሽቦ ተንጠልጥሎ። ማንም ግን ዓይኑን አይጥልበትም፣ ምክንያቱም ለቀብራቸው የተቀመጠ ነው። እኛ ዘንድ መቃብር የሚቆፍረውም ሣጥን የሚመታውም ጎረቤት ነው፤ ክፍያው ከቀብር መልስ የሚቀርብለት ምሳ ነው። እትዬ ሳብራ ያን ምሳ የሚያበላላቸው ዘመድ ስላልነበራቸው፣ ራሳቸው ምሳቸውን አሰናድተው ሞታቸውን ይጠብቁ ነበር።

«ሥጋዬን አውሳችኋለሁ» አሉ።

«እትዬ፣ ሥጋም ይዋሳል እንዴ?» አለ ታይሪ።

«ይዋሳል እንጂ። ገበታ ላይ ይቀመጣል፣ እንግዳዋ ታየዋለች፣ ‹ብሉልን› ትሏታላችሁ፣ ‹ጠግቤያለሁ፣ አመሰግናለሁ› ትላለች፣ ይነሣል። ያሳደጋት ሰው ካለ እንዲያ ነው የምትለው። ከዚያ አንተ ይዘኸው ወደሚቀጥለው ቤት ትሮጣለህ።»

«ተወዛዋዡን ወንበርዎንስ?»

«ወንበሬንም ውሰድ። የልያታን የገበታ ልብስም ጨምር። ቢላ ግን ከሥጋዬ ጋር አብሮ እንዳይሄድ!»

ታይሪ ራሱን አከከ። «አንድ ነገር ብናገር ይቆጡኛል? ሴትዮዋ የምትመጣው ድሃ ፍለጋ ነው። እኛ ባለጠጋ ሆነን ብንጠብቃት ቤት ተሳሳትኩ ብላ አትመለስም?»

«ድህነታችንን በአፋችን እንነግራታለን፤ ባዶ ገበታ ፊት ግን አናስቀምጣትም። ምን ነካህ አንተ? እናትህ ለዚህ ነው ያሳደገችህ?»

«እናቴማ ለሀብት ነበር ያሳደገችኝ። መንገድ ላይ የጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሁሉም ሳቁ፤ ኦርሊናም ሳቀች። ታይሪ ያለው ነገር ግን ሆዷ ውስጥ ቀረ። ልክ ነው ብላ ልትናገር ፈልጋ ነበር። ሆኖም ያቺ ሴት ገብታ ባዶውን ገበታ ስታይ በሐሳቧ መጣባትና ፊቷ ጋለ፤ ተወችው።

ሐሙስ አጣሪዋ መጣች። ወይዘሪት ኤልስተን ትባላለች። ወጣት ናት፤ አስተማሪ ነበረች፣ ትምህርት ቤቱ ደሞዝ መክፈል ቢያቅተው ነው ወደዚህ ሥራ የገባችው። የከተማ ጫማ አድርጋ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች በጅረቱ ዳር ወጣች። ታይሪ ቤት ገባች፤ ተወዛዋዡ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ሥጋውን አየች፣ «ቁርስ በልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ» አለች። ገና ከግቢው ሳትወጣ ታይሪ ወንበሩን በበቅሎው ላይ ጭኖ፣ ሥጋውን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ በጓሮ በኩል በአቋራጩ ዳገት ሮጠ። ሆባርት ቤት ስትደርስ ወንበሩ ቀድሟት ተቀምጧል፤ ልያታ ብቻ ፊቷ ቀልቶ ታራግባለች። እዚያም አጣሪዋ «ገና አልራበኝም» አለች። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር እትዬ ሳብራ እንዳሉት ነው የሄደው።

ኦርሊና ከጠዋት ጀምራ የቤቱን ወለል በአሸዋ ፈትጋ አንጽታ፣ የልጆቹን ፊት አጥባ ትጠብቃለች። ታይሪ እያለከለከ ደረሰ።

«ያዢ! ያዢ ቶሎ! ጫማዋ ጅረቱ ውስጥ ገብቶባት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ውሃ እያፈሰሰች ነው። ጌታ ያን ድንጋይ ይባርከው!»

«ላብህን ሥጋዬ ላይ አታንጠባጥብ!» የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ። እትዬ ሳብራ ምርኩዛቸውን ይዘው ሥጋቸውን ተከትለው መጥተዋል።

«እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«ጓዳ እቀመጣለሁ። ሥጋዬን ከማላውቃት ሴት ጋር ብቻውን አልተወውም።»

ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ። ታይሪ በቅሎዋን ጫካ ውስጥ አስሮ ከእንጨት ክምሩ ኋላ ተደበቀ። ገበታው ላይ የልያታ ነጭ ልብስ ተነጠፈ፤ በላዩ ያ ታፋ፣ ቡናማ፣ ወዙ የሚያበራ፣ ቤቱን በሽታው ሞልቶ ተቀመጠ። ልጆቹ እንዳይጠጉት ተነግሯቸዋል። ቬስታ ቃሏን ጠብቃ ፊቷን ወደ ደጅ አዞረች፤ ሉተር ግን እየዞረ ያየው ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሮ ኦርሊና?» አለች አጣሪዋ።

«ደኅና ነን፣ ችግር የለም።» ካፏ ከወጣ በኋላ ኦርሊና ምላሷን መንከስ አማራት።

«ዱቄት አላችሁ?»

«ለጊዜው አይጠፋም።»

«ልጆቹ ወተት ያገኛሉ?»

«ጎረቤት ባለበ ቀን።»

«የሚረዳዎ ሰውስ አለ?»

«ሁሉም ደጎች ናቸው።»

የወይዘሪት ኤልስተን ዓይን ከወንበሩ ወደ ገበታ ልብሱ፣ ከገበታ ልብሱ ወደ ሥጋው ሄደ። እርሳሷን አስቀመጠች። «እውነቱን ልንገርዎ» አለች፤ ድምፅዋ ክፋት አልነበረበትም። «ያለን ዱቄት ለሁሉም አይበቃም። የስፌት ቤቱም ቦታ ጥቂት ነው። ከዚህ ማዶ ባለው ሸለቆ ሥራሥር ቆፍረው የሚበሉ ልጆች አይቻለሁ። እናንተ ግን፣ ይመስገን፣ ቤታችሁ ሙሉ ነው። የባሰባቸውን ላስቀድም፤ እንዳይቀየሙኝ።»

የአይሸም መኪና ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ በኋላ መስኮቱም ሁለት ትናንሽ ራሶች ለኦርሊና በዓይነ ሕሊናዋ ታዩዋት። ልትናገር አፏን ከፈተች። የወጣው ግን እንግዳ ሲነሣ የሚባለው ነው፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማው ያደገችው፣ ሳይታሰብ ከአፍ የሚያመልጠው።

«እንዴ፣ ሳይቀምሱማ አይሄዱም! ትንሽ ይብሉልን።»

ወይዘሪት ኤልስተን ከማለዳ ጀምራ በእግሯ ስትወጣ ስትወርድ ውላለች። ያ ሽታ ሦስት ቤት ተከትሏታል። ቀይ ፊቷ ላይ ሳቅ መጣ። «እምቢ ብዬ አልዋሽም» አለች። «በጣም ርቦኛል። አንድ ቁራጭ ቢቆርጡልኝ ደስ ይለኛል።»

ከመጋረጃው ኋላ የታፈነ ሳል ተሰማ።

«ምንድን ነው?»

«ድመት ናት» አለች ኦርሊና።

ቢላ አምጥታ ሥጋው አጠገብ ቆመች። ቢላው ከጎኑ ደረሰ፣ እጇ ግን አልወርድ አለ። ብትቆርጠው የአንዲት አሮጊት የቀብር ምሳ ነው የምትቆርጠው። ባትቆርጠው፣ ራሷ ብሉልኝ ብላ የለመነቻትን እንግዳ ነው የምትከለክለው። ቆርጣ ብታበላት ደግሞ ሴትዮዋ በልታ ትሄዳለች፤ ልጆቹም በውርጩ ይሄዳሉ። ቀና ስትል ሉተር አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ በሩ ላይ ቆሟል። ሥጋውን አልነበረም የሚያየው፤ እሷን ነው።

ቢላውን አስቀመጠች።

«ሥጋው የኔ አይደለም» አለች። «ወንበሩም የኔ አይደለም። የገበታ ልብሱ የጎረቤቴ ነው፤ ማታ እመልስላታለሁ። የኔን ላሳይዎ።»

ጥግ ወዳለው የዱቄት በርሜል ሄደችና ክዳኑን አነሣች። በእኛ ሸለቆ የሌላውን ሰው በርሜል ከፍቶ የሚያይ የለም። ሮይ የሞተ ዕለት እንኳ ቤቱን ሞልተው የዋሉት ሴቶች ከየቤታቸው ዱቄት ይዘው መጡ እንጂ የእሷን ክዳን አልነኩም። ወይዘሪት ኤልስተን ጎንበስ ብላ አየች። የታችኛው እንጨት ይታይ ነበር፤ በአንድ በኩል ተጠራርጎ የተሰበሰበ፣ ለአንድ ቂጣ የማይበቃ የበቆሎ ዱቄት አለ።

«ውርጭ ሲጀምር አጎታቸው ሊወስዳቸው ይመጣል» አለች ኦርሊና፣ ዓይኗን ከበርሜሉ ውስጥ ሳታነሣ። «ሁለቱንም። ለኔ ቦታ የላቸውም። እኔ መስፋት እችላለሁ። ሥራ ስጡኝ እንጂ ሌላ ነገር አልጠይቅም። ልጆቼ እዚሁ፣ እጄ ላይ ይደጉልኝ።»

ከዚያ መጋረጃው ተገለጠና ድመቷ ፒፓዋን ይዛ ወጣች።

«ቁረጪላት!» አሉ እትዬ ሳብራ።

«እትዬ...»

«ቁረጪ አልኩሽ! ርቦኛል ብላ በአፏ ስትናገር አልሰማሽም? ከሁላችን እሷ ትሻላለች። እኔ እንደሆን ዘንድሮ አልሞትም፤ ጊዜ የለኝም።»

«የቀብርዎ ምሳ ነው እኮ!»

«ከሞትኩ በኋላ እንዴት እንደጣፈጠ ማን መጥቶ ይነግረኛል? በቁሜ ልስማው። ወፈር አድርገሽ ቁረጪ፣ እንደ ወረቀት እንዳታሳሽው!»

ወይዘሪት ኤልስተን አሮጊቷን አየች፣ ሥጋውን አየች፣ የወንበሩን ክንድ በጣቷ ዳሰሰች። «ይቅርታ... ይህ ወንበር... ጠዋት የተቀመጥኩበት...»

«እሱው ነው» አሉ እትዬ ሳብራ።

«ሥጋውም?»

«ሥጋውም። አመላላሹም እዚያ ከእንጨቱ ኋላ ተጋድሟል። ታይሪ! ውጣ፣ ተይዘናል!»

ታይሪ ባርኔጣውን ይዞ፣ ጸጉሩ ላይ የእንጨት ቅርፊት እንዳለ ብቅ አለ። «እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሪት? ጠዋት ተዋውቀናል። በቅሎዬም ሰላም ትልዎታለች፤ እሷም ዛሬ እንደርስዎ ቤት ለቤት ስታጣራ ነው የዋለችው።»

ወይዘሪት ኤልስተን ተመልሳ ወንበሩ ላይ ወደቀችና ሳቀች፣ ሳቋ ወንበሩን አወዛወዘው። ዓይኗን ጠርጋ ጠርጋ ሲወጣላት «ያስተማሩኝ እኮ ያለውን የሚደብቅ ሰው እንዴት እንደሚያዝ ነው» አለች። «የሌለውን የሚያሳይ ሰው ይመጣል ብሎ የነገረኝ የለም።»

በሉ። ልጆቹም በሉ፣ ታይሪም በላ። እትዬ ሳብራ ራሳቸው ትንሽ ነው የቀመሱት፤ የሌላውን አፍ እያዩ «እህ? እንዴት ነው? ጨው በዝቶበታል?» ይሉ ነበር። ሁሉም አወደሱላቸው። ቬስታ በሁለት እጇ ይዛ ስትግጥ አይተው «ይቺ ልጅ ናት ልባም፤ ወሬ አታበዛም» አሉ።

ኦርሊና ግን ሥጋው በጉሮሮዋ ሲወርድም ጥያቄው ነበረባት። «ይኼ ነገር ምጽዋት ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«አይደለም» አለች ወይዘሪት ኤልስተን። «የአገሩ ገንዘብ ነው። የእርስዎም ነው፣ የባልዎም ነበር።»

«ሮይ በቁሙ ግብር ከፍሏል» አሉ እትዬ ሳብራ ፒፓቸውን እየጠቀጠቁ። «ሲወስዱ ምጽዋት ነው ወይ ብለው አልጠየቁትም።»

ወይዘሪት ኤልስተን ስትመለስ ሁለቱንም ቤቶች ደግማ ገባች። «አሁን ደግሞ በርሜሉን» አለቻቸው። ልያታ አለቀሰች፤ ሆባርት ክዳኑን ራሱ ከፍቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ታይሪ ግን በአቋራጩ ቀድሟት ደርሶ ልጆቹን ደጅ ላይ አሰልፎ ጠበቃት። «የባዶ በርሜል ትርኢት! መግቢያው በነፃ ነው!» እያለ አስገባት።

ዱቄቱ መጣ፤ ነጭ የስንዴ ዱቄት፣ ስብ፣ የደረቀ ባቄላ። ብዙም ሳይቆይ ሸለቆው አፍ ላይ ካለው ትምህርት ቤት አንዱ ክፍል የስፌት ቤት ሆነ። ኦርሊና ሉተርን እትዬ ሳብራ ዘንድ እየተወች ከቬስታ ጋር በማለዳ ትወርድ ጀመር። እስከዚያ ድረስ በእጇ እንጂ በመኪና ሰፍታ አታውቅም። የመጀመሪያ ቀን ፔዳሉን ስትረግጠው መኪናው ይዟት ሄደ፤ ቆም ብላ ስታየው የሱሪውን አንዱን እግር ዙሪያውን ሰፍታ ዘግታዋለች። ሴቶቹ ሳቁባት። «ይኼ ለአንድ እግር ሰው ነው፣ ግድ የለም፣ ይገኛል» አሉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን አንገትጌና ኪስ ለእሷ ይሰጣት ነበር። የሰፉት ልብስ ጨርቅ ላጡ ልጆች ይታደላል፤ ኦርሊና አንዳንዴ በመንገድ የማታውቀው ልጅ ስታገኝ ቆማ ስፌቱን ታያለች። የራሷ ከሆነ ለልጁ ምንም ሳትለው አልፋ ትሄዳለች፤ የዚያን ቀን አካሄዷ ቀለል ይላል።

የሚያሾፍም አልጠፋም። ከሸለቆው በታች ያለው ባለሱቅ፣ ኦርሊና ከእርዳታው የተሰጣትን ወረቀት ይዛ ዱቄት ልትወስድ ስትገባ፣ ሰው ፊት «እነሆ የመንግሥት ጡት የሚጠቡት መጡ» አላት። አብረዋት የነበሩት እትዬ ሳብራ ነበሩ፤ ጥፋቱ ያ ነው።

«ና እስቲ አንተ» አሉት። «ዱቄቱን የሚሸጠው ማን ነው?»

«እኔ።»

«መንግሥት የሚከፍለውስ ለማን ነው?»

«ለኔ።»

«አምና መደርደሪያህ ላይ ሸረሪት ነበር የሚሸጠው። ታዲያ አፍህን ጥረግ፤ ወተቱ አገጭህ ላይ አለ።»

ከዚያ በኋላ ባለሱቁ ለኦርሊና ሚዛኑን ትንሽ ዘንበል ያደርግላት ነበር ይባላል።

እትዬ ሳብራ እንዳሉት በዚያ ዓመት አልሞቱም። የአረጋውያን ጡረታ የሚባለው ሲመጣም በሕይወት ነበሩ። መጀመሪያ «አርጅቻለሁ ያላቸው ማነው?» ብለው ተቆጡ፤ በኋላ ተቀበሉና ትምባሆ ገዙበት። ብዙ ቆይተው ሲያልፉ የቀብራቸውን ምሳ ያዘጋጀችው ኦርሊና ነበረች፤ የቆፈረም ያነባም ጠግቦ ነው ወደ ቤቱ የገባው። ኦርሊና ያን ጊዜ የስፌት ቤቱን ሴቶች የምታሠለጥን ሆና ነበር። ባል አላገባችም፤ አንድ ሁለት ሰው ጠይቋታል፣ «ጊዜ ሳገኝ» ትላቸው ነበር።

ውርጩ የወረደው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ነው፤ አጣሪዋ በመጣችበት ዓመት፣ ስፌት ቤቱ ገና አዲስ ሳለ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ አደረ። ኦርሊና ደረጃው ላይ ቆማ አየችው። አይሸም እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። እኩለ ቀን ሳይሆን የመኪና ድምፅ ከታች ተሰማ። ቬስታ ወንድሟን በእጁ ጎትታ ከቤቱ ወጣች፤ የት እንደገቡ ኦርሊና አልጠየቀችም።

አይሸም በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ነጭ ዳቦና ባቄላ አቀረበችለት። ዳቦውን በእጁ ይዞ ገላበጠው፣ ከየት እንዳመጣችው ግን አልጠየቀም።

«እንግዲህ፣ ተዘጋጅተዋል?»

«አልተዘጋጁም» አለች ኦርሊና። «አይሄዱም።»

«ምን ልታበያቸው?»

«ሥራ አለኝ። ስፌት ነው፤ መንግሥት ይከፍለኛል።»

«መንግሥት? እዚህ ላይ?»

«መንግሥት፣ እዚህ ላይ። እኔም እንዳንተው ነበር ያልኩት።»

ኦርሊና ይቆጣል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ትከሻው ወረደ፣ ትልቅ ሸክም ያወረዱለት ሰው መሰለ።

«ልንገርሽ?» አለ። «ፋብሪካው ለግማሽ ሳምንት ብቻ ነው የሚያሠራን። ሚስቴ ልትወልድ ነው። የት እንደማስተኛቸው እያሰብኩ ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«ቃሌን ሰጥቼሽ የለ! ሮይ ወንድሜ አይደለም እንዴ?»

ኦርሊና ዳቦውን ጨመረችለት። አሁን እንደራበው ሰው በላ። ከዚያ ለሚስቱ የሚሆን ዳቦ በጨርቅ ቋጠረችለት፤ አይሆንም ብሎ ትንሽ ተከራከረና ተቀበለ። ሲነሣ ዙሪያውን ቃኘ።

«ልጆቹስ የት ሄዱ? ልሰናበታቸው እንጂ።»

«እዚህ የለንም!» የሚል የሉተር ድምፅ ከበረንዳው ሳንቃ ሥር መጣ። ወዲያው የቬስታ እጅ አፉ ላይ ሲያርፍ ተሰማ።

አይሸም ጎንበስ ብሎ አፉን ወደ ሳንቃው ስንጥቅ አስጠጋ። «እንግዲህ ከሌላችሁ ምን አደርጋለሁ? ስትመጡ ለእናታችሁ ንገሩልኝ፤ አጎታችሁ ብቻውን ሄዷል።»

መኪናው እያገሳ ቁልቁለቱን ወረደ፤ በሆባርት ቤት በኩል ዞረና ድምፁ ከጅረቱ ድምፅ ጋር ተቀላቀለ። ልጆቹ አልወጡም፤ ገና አላመኑም። ኦርሊናም አልጠራቻቸውም። ፀሐይ ያገኘው ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ከሥሯ ሁለቱ ሲንሾካሾኩ እያዳመጠች ቆየች።